የፍራፍሬ ዛፍ ረድፍን ግንዱን ሳያቆስሉ ከአረም መጠበቅ፦ ለጅማ አካባቢ አልሚዎች ዝርዝር መመሪያ

በማና፣ በጎማ፣ በቀርሳና በሰካ ጨቆርሳ ወረዳዎች የተዳቀለ አቮካዶ፣ ማንጎ ወይም ብርቱካን ተክለው ሁለትና ሦስት ዓመት ከደከሙ በኋላ የዛፉ ቅጠል ሲገረጣና ቀንበጡ አልረዝም ሲል፣ ባለቤቶች አስቀድመው የሚጠረጥሩት በሽታን ወይም የማዳበሪያ እጥረትን ነው። ነገር ግን በግንዱ ዙሪያ ያለውን ሣር ገለጥ አድርገው ከመሬቱ ጀምሮ እስከ አንድ ስንዝር ከፍታ ቢመለከቱ፣ የገጀራ ጠባሳ፣ በሣር ማጨጃ ክር የተላጠ ቅርፊት ወይም በአረም መድኃኒት የተቃጠለ ልጥ የሚያገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። አረም ዛፍን ያቀጭጫል እንጂ በአንድ ቀን አይገድልም፤ በጥድፊያ የሚደረግ የአረም ሥራ ግን ሊገድል ይችላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ቀጭን ልጥ በቅጠሉ የተዘጋጀውን ምግብ ወደ ሥር የሚያወርድ መንገድ ነው። ልጡ ዙሪያውን ከተቆረጠ ሥሩ ምግብ አጥቶ ቀስ በቀስ ይሞታል፤ ውሃ ግን በእንጨቱ በኩል ወደ ላይ መውጣቱን ስለሚቀጥል ዛፉ ለወራት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ስለዚህም ሰው ጉዳቱን ከዚያ ቀን ሥራው ጋር አያያይዘውም። በተጨማሪም እንደ ጅማ ባለ እርጥበታማ አየር ክፍት ቁስል ለፈንገስና ለአፈር ወለድ በሽታዎች መግቢያ ይሆናል። የአቮካዶን ሥር የሚያበሰብሰውና የብርቱካንን ግንድ ሙጫ የሚያስለቅሰው የፋይቶፍቶራ ወገን በእርጥብ አፈር ውስጥ የሚኖር ስለሆነ፣ ከመሬት አጠገብ ያለ ቁስል ከላይኛው ቅርንጫፍ ቁስል እጅግ የከፋ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ደንብ ላይ ይቆማል። ከግንዱ ዙሪያ አንድ ክንድ፣ ማለትም 50 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ውስጥ ገጀራ፣ ዶማ፣ ሞተርና መርዝ አይገባም፤ በዚያ ክልል የሚሠራው እጅ ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ጊዜውን ይወስኑ

በጅማ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ስለሚዘልቅ አረም የማይበቅልበት ወር ጥቂት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ሁሉንም ጠራርጎ ማጽዳት እዚህ አያዋጣም። የሚያዋጣው በአራት ዙር፣ በየዙሩ ጥቂት ሥራ መሥራት ነው።

1. የካቲት መጨረሻ፦ ዝናቡ ሳይጀምር የግንድ መከላከያዎችን ይፈትሹ፤ የሳሳውን ጉዝጓዝ፣ ማለትም አረም ለማፈን በአፈሩ ላይ የሚነጠፈውን ሣርና ገለባ፣ ይሙሉ።
2. ግንቦት መጀመሪያ፦ የመጀመሪያው ዝናብ ያበቀለው አረም ገና ለጋ ሳለ፣ አበባ ሳያወጣ ይንቀሉ። የዓመቱ ሥራ የሚቀለው ወይም የሚከብደው በዚህ ዙር ነው።
3. ሐምሌ መጨረሻ፦ በእጅ መንቀልና ማጨድ ብቻ ይሥሩ። በዚህ ወር አይኮትኩቱ፤ አፈሩ ጭቃ ስለሆነ ይጠቀጠቃል፤ ተዳፋት ላይ ያለ ማሳም ቀዩን አፈር ለጎርፍ ይሰጣል።
4. መስከረም ሁለተኛ አጋማሽ፦ ይህን ዙር በምንም ምክንያት አያሳልፉ። ቀይ ቡና መልቀም ሲጀመር የቤተሰቡም የቀን ሠራተኛውም ጉልበት ወደ ቡናው ይሄዳል፤ ፍራፍሬው እስከ ታኅሣሥ ድረስ ዞር ብሎ የሚያየው አያገኝም፤ በዚህ መሀል አረሙ ዘሩን አራግፎ የሚመጣውን ዓመት ያበላሻል። ለቀማው ሳይጀመር ረድፉን አጽድተው ጉዝጓዝ ካለበሱ፣ በአፈሩ ውስጥ የቀረው እርጥበት በበጋው ለዛፉ ይተርፋል።

ቀኑን ሲመርጡ ዝናብ ከጣለ አንድ ወይም ሁለት ቀን ያለፈውን ይምረጡ። ከአንድ ስንዝር ጥልቀት አፈር አንሥተው በጭብጥዎ ጨበጥ ያድርጉት። በጣትዎ ሲነኩት የሚፈረፈር ከሆነ ይጀምሩ፤ እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ አንድ ቀን ይጠብቁ፤ ጨርሶ የማይጨበጥ ደረቅ ከሆነ ደግሞ አረሙ ከሥሩ ሳይነቀል ይበጠሳል።

ደረጃ 2፦ መሣሪያና ሠራተኛ

ያዘጋጁ፦ ማጭድ፣ ቀላል መኮትኮቻ፣ የአትክልት መቀስ፣ ጓንት፣ የተነቀለ አረም መሰብሰቢያ ጆንያ፣ 50 ሳንቲ ሜትር ተለክቶ የተቆረጠ ዱላ፣ ምልክት ማድረጊያ ችካሎች፣ ስለታም ቢላዋ እና ከ9 እጅ ውሃ ጋር 1 እጅ በረኪና የተደባለቀበት ጣሳ። ቢላዋውንና መቀሱን ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሄዱ በዚህ ውሃ ይንከሩ፤ ሥራው ሲያልቅ በንጹሕ ውሃ አጥበው ያድርቁ፤ አለበለዚያ በረኪናው ብረቱን ያዝገዋል።

ገጀራን ለረድፍ ውስጥ ሥራ አልመክርም። ለረድፍ መሀል ይሁን፤ ከዛፉ አጠገብ ግን እጅግ የለመደ ሰው እንኳ አሥር ጊዜ ቢያስተውል አንዴ ይስታል።

ሠራተኛ የሚቀጥሩ ከሆነ ሥራውን በኮንትራት፣ በረድፍ ቁጥር አይስጡ፤ በቀን ሂሳብ ይክፈሉ። በኮንትራት የያዘ ሰው ቶሎ መጨረስ ይፈልጋልና በግንዱ ዙሪያ ተንበርክኮ በእጁ እንዲነቅል መጠበቅ አይገባም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁሉንም ሰብስበው በአንድ ዛፍ ላይ ሠርተው ያሳዩአቸው፤ የተቧጨረ ግንድ ቢኖር ሳይደብቁ እንዲነግርዎትና እንደማይቆጡት ያረጋግጡላቸው። በዚያው ሰዓት የታየ ቁስል ይድናል፤ ከሳምንት በኋላ የተገኘው ግን ሥራው ከባድ ነው።

ደረጃ 3፦ ረድፉን ይለኩና ምልክት ያድርጉ

አረም በሙሉ ማሳው ላይ መጥፋት የለበትም። ረድፎቹ በ7 ሜትር ርቀት የተተከሉ ከሆነና ከግንዱ ግራና ቀኝ 1 ሜትር፣ በድምሩ 2 ሜትር ስፋት ያለውን ቀበቶ ብቻ ካጸዱ፣ የሚሠሩበት ከጠቅላላው መሬት ሲሶ እንኳ አይሞላም። የቀረው መሬት አጠር ብሎ በታጨደ ሣር መሸፈኑ ለተዳፋት ማሳ ጥቅም ነው።

1. በእያንዳንዱ ዛፍ ዙሪያ በዱላው እየለኩ በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት አራት ችካሎች ይትከሉ። ይህ የእጅ ክልል ነው።
2. የሁለተኛውን ክልል ወሰን እንደ ዕድሜው ይወስኑ፤ ለአንድ ዓመት ችግኝ ከግንዱ እስከ 75 ሳንቲ ሜትር፣ ለሁለትና ሦስት ዓመት ዛፍ 1 ሜትር፣ ፍሬ ለሚሰጥ ዛፍ ደግሞ የቅርንጫፎቹ ጫፍ ጥላ እስከሚያርፍበት ድረስ።
3. ችግኙ በአረም ተውጦ የማይታይ ከሆነ ማጭድ ከማንሣትዎ በፊት አረሙን በእጅ ከፈት እያደረጉ ችግኙን ይፈልጉ፤ ካገኙት በኋላ ረጅም ችካል አጠገቡ ተክለው ቀይ ጨርቅ ይሰሩበት። ብዙ ችግኝ የሚታጨደው ሳይታይ ነው።
4. የተዳቀለበትን ቦታ፣ ማለትም የዝርያው ቀንበጥ ከተቀባዩ ግንድ ጋር የተጋጠመበትን፣ ይመልከቱ። በአፈር ወይም በበሰበሰ ቅጠል ከተሸፈነ ይግለጡት። ይህ ቦታ ምንጊዜም ከአፈሩ በላይ መታየት አለበት።

ደረጃ 4፦ ግንዱን ያልብሱ

ይህ ሥራ ከአረሙ በፊት ይቀድማል፤ ብዙዎች የሚያደርጉት ግን ከአደጋው በኋላ ነው።

ለችግኝና እስከ አራት ዓመት ላለ ዛፍ ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ወይም ከወንፊት ሽቦ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው አጥር በግንዱ ዙሪያ ያቁሙ። በአጥሩና በግንዱ መካከል ቢያንስ ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። የቀርከሃውን ጫፍ ወደ መሬት ሲያስገቡ በቀስታ ይግፉት፤ ሥር ከነካ ቦታውን ይለውጡ። ለቀጭን ችግኝ ሁለቱ ጫፎቹ ተቆርጠው በቁመቱ የተሰነጠቀ የሁለት ሊትር ሃይላንድ ይበቃል፤ ሆኖም ፕላስቲኩ በበጋ ፀሐይ ውስጡን ስለሚያግል ነጭ ቀለም ይቀቡትና ጎኑን ይብሱት።

ጆንያ፣ ጨርቅ ወይም የኮባ ቅጠል በግንዱ ላይ አይጠቅልሉ። ከስለት የሚያድን ይመስላል፤ ነገር ግን እርጥበት ይዞ ቅርፊቱን ያበሰብሳል፤ ለጉንዳንና ለምስጥም መጠለያ ይሆናል።

ለትልልቅ ዛፎች ግንዱን ከመሬት እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ድረስ በነጭ ቀለም መቀባት ጥሩ ነው። በውሃ የሚቀጠን የግድግዳ ቀለም ይምረጡ፤ አንድ እጅ ቀለም ከአንድ እጅ ውሃ ጋር ያደባልቁ። የዘይት ቀለም ግን በፍጹም አይጠቀሙ። ነጩ ቀለም ከፀሐይ ቃጠሎ ከመከላከሉም በላይ ሠራተኛው ግንዱን ከሩቅ እንዲያየው ይረዳል። ከአረም መድኃኒት ግን አያድንም።

በግንዱ ላይ ፍየል፣ በግ ወይም ጥጃ አይሰሩ። ገመዱ ቅርፊቱን ይፍቃል፤ ፍየል ደግሞ ልጡን ራሷ ትበላዋለች። ሣሩን ከብት እንዲግጠው ከፈለጉ ችካሉን በረድፍ መሀል ይትከሉና የገመዱን ርዝመት ከዛፉ እንዳይደርስ አድርገው ይለኩ።

ደረጃ 5፦ በአንድ ክንድ ውስጥ በእጅ ይንቀሉ

ተንበርክከው ይሥሩ። ቆመው ጎንበስ ብለው የሚስቡት አረም የችግኙን ሥር ይዞ ይወጣል።

1. አጥሩን ያንሡና የግንዱን ሥር ዙሪያውን ይመልከቱ፤ ቁስል፣ ሙጫ ወይም የምስጥ አፈር ካለ ቦታውን ይመዝግቡ።
2. በአንድ እጅ አረሙን ከአፈሩ አጠገብ ይያዙ፤ በሌላው እጅ ጣቶች በአረሙና በግንዱ መካከል ያለውን አፈር ወደ ታች ይጫኑ፤ ከዚያ አረሙን ከግንዱ በተቃራኒ አቅጣጫ በቀስታ ይሳቡ።
3. አፈሩ ሲነሣ ወይም ችግኙ ሲነቃነቅ ከተሰማዎት ወዲያው ያቁሙ። ያን አረም በመቀስ ከአፈሩ ልክ ይቁረጡት። ደግሞ ሲያቆጠቁጥ ደግመው ይቁረጡ።
4. የተነቀለውን አራግፈው አፈሩን እዚያው ይተዉት፤ አረሙን ወደ ጆንያው ያስገቡ።

አረሞች በአንድ ዓይነት አይነቀሉም፤ ሰው የሚደክመው ሁሉንም በአንድ መንገድ ሲይዛቸው ነው።

*ሰርዶ።* ከመሬት በታችና በላይ እየተሳበ የሚሄድ ስለሆነ ላዩን መበጠስ ማብዛት ነው። ከክንዱ ወሰን ውጭ ጀምረው አንዱን ሐረጉን በጣትዎ እየተከተሉ ወደ ግንዱ ይሂዱና ሙሉውን ያንሡ። በዛፉ ሥሮች መሀል ከገባ አይጎትቱ፤ በመቀስ ቆርጠው በላዩ ላይ ማጣበቂያ ፕላስቲኩ የተነሣለት ካርቶን ይዘርጉና ጉዝጓዝ ያልብሱት። ብርሃን ሲያጣ ይዳከማል። የካርቶኑ ጫፍ ግንዱን እንዳይነካ አንድ ስንዝር ያርቁት።

*እንግጫ።* ከሥሩ ያሉት ትናንሽ እንክብሎች አፈር ውስጥ እስካሉ ድረስ አዲስ ቅጠል ያበቅላል፤ ካርቶኑንም በስቶ ይወጣል። መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው። በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ቅጠሉ ሳይበዛ ከነቀሉት እንክብሉ ያከማቸው ምግብ እያለቀ ይሄዳል። አንድ ዙር ካሳለፉ ግን የተዳከመው ሁሉ ይመለሳል።

*የውሃ አንቁር።* በጅማ እርጥበት ይህ አረም አስቸጋሪ ነው፤ የተቆረጠው ግንዱ መሬት በነካበት ሁሉ ሥር ይሰዳል። ስለዚህ ነቅለው ረድፉ ላይ አይጣሉት። በጆንያ ሰብስበው ከማሳው ያውጡና ፀሐይ ባለበት ድንጋይ ላይ ያድርቁት ወይም ለከብት ይስጡት።

*መጭ፣ ሙጃና ልብስ ላይ የሚጣበቀው ጭጎጊት።* እነዚህ ከዘር የሚበቅሉ ናቸው። ሳያብቡ ከተነቀሉ ሥራው ቀላል ነው፤ ዘር ከያዙ በኋላ ግን ነቅለው በጉዝጓዝ ላይ ከጣሏቸው ዘር እየዘሩ ነውና ከማሳው ያውጧቸው።

*ወደ ዛፉ የሚወጣ ሐረግ።* ከላይ ወደ ታች አይሳቡት፤ ለጋ ቀንበጥና ፍሬ ይዞ ይወርዳል። ከመሬቱ አጠገብ በመቀስ ቆርጠው ሳምንት ያህል ይተዉት፤ ሲደርቅ እየሰባበሩ ያውጡት።

ደረጃ 6፦ ከክንዱ ውጭ ላዩን ይኮትኩቱ

ውሃና ምግብ የሚስበው የአቮካዶ ቀጭን ሥር አብዛኛው የሚገኘው በላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ጉዝጓዝ ባለበት ደግሞ እስከ አፈሩ ፊት ይወጣል። ስለዚህ ከሁለት ጣት፣ ማለትም ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር፣ የጠለቀ ኩትኳቶ አረምንና ዛፍን አንድ ላይ ይቆርጣል።

መኮትኮቻውን ከፍ አድርገው አይምቱ። ስለቱን በአፈሩ ላይ ጋደም አድርገው ያሳርፉትና ወደ ራስዎ ይሳቡ። ምንጊዜም ከክልሉ ውጭ፣ ፊትዎን ወደ ዛፉ አድርገው ይቁሙ፤ መኮትኮቻው ከ50 ሳንቲ ሜትር ችካል ላይ ጀምሮ ከግንዱ እየራቀ ይምጣ። ከወሰኑ ላይ ወደ ግንዱ አይግፉ። አፈርን ወደ ግንዱ መቆለልም አይገባም፤ በቆሎ ላይ የለመድነው ይህ አሠራር ለዛፍ አይሆንም፤ የተዳቀለውን ቦታ ይቀብረዋል።

ነጫጭ ቀጫጭን ሥሮች ተቆርጠው ካዩ ጠልቀዋል ማለት ነው። ያቁሙ፤ የተገለጠውን በላላ አፈር ይሸፍኑ፤ የቀረውን አረም በማጭድ ዝቅ አድርገው አጭደው በጉዝጓዝ ያፍኑት። ማሳው ተዳፋት ከሆነ እንዲያውም ኩትኳቶውን በሙሉ ትተው ማጨድና ማፈንን ይምረጡ።

ደረጃ 7፦ የረድፉን መሀል ይጨዱ

ሣሩን ከመሬት ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር አስቀርተው ይጨዱ። ገጀራ ከተጠቀሙ ዛፉ ከኋላዎ ይሁን፤ ምቱም ወደ መሀል ይሂድ። በሞተር የሚሠራ ባለ ክር ማጨጃ ካለዎት ከግንዱ ቢያንስ 1 ሜትር ያርቁት። የናይለን ክር ነው ምን ይጎዳል ብሎ ማሰብ ብዙ ዛፍ አስጨርሷል፤ ክሩ በዚያ ፍጥነት የወጣት ዛፍን ልጥ በቅጽበት ዙሪያውን ይልጣል።

ያጨዱት ሣር ዘር ካልያዘ ለሚቀጥለው ደረጃ ያስቀምጡት።

ደረጃ 8፦ ጉዝጓዝ ያልብሱ

ከሁሉም ደረጃዎች ጉልበት የሚቆጥበው ይህ ነው፤ ያለዚህ ከአንድ ወር በኋላ አረሙ ተመልሶ ያገኙታል።

1. አፈሩ እርጥብ ሳለ ያልብሱ። በደረቀ አፈር ላይ የተደረገ ወፍራም ጉዝጓዝ ቀላል ዝናብ ወደ ሥር እንዳይደርስ ያግዳል።
2. ውፍረቱን ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ያድርጉ። ከዚያ የሳሳ አረም ያሳልፋል።
3. በግንዱ ዙሪያ 30 ሳንቲ ሜትር ባዶ ይተዉ። ጉዝጓዙ በዛፉ ዙሪያ ቀለበት ይሥራ እንጂ በግንዱ ላይ አይቆለል። ግንድ የነካ ጉዝጓዝ ቅርፊቱን ያበሰብሳል፤ አይጥም በውስጡ ተደብቆ ልጡን ይበላል።
4. መጠኑን አስቀድመው ያስቡ። ከግንዱ እስከ 1.5 ሜትር ለሚደርስ ክልል በ8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ግማሽ ሜትር ኪዩብ ያህል፣ ማለትም ሰባት ወይም ስምንት የእጅ ጋሪ፣ ያስፈልጋል። ያለዎት የማይበቃ ከሆነ ሁሉንም ዛፍ በስሱ ከማልበስ ወጣቶቹን ዛፎች በሚገባ ያልብሱ።

ለጅማ ሰው ቁሱ ሩቅ አይደለም። የደረቀ የቡና ገለባ፣ የታጨደ ሣር፣ የሙዝና የእንሰት ቅጠል፣ የጫት ገረባ ሁሉ ያገለግላል። የቡና ገለባ ሲጠቀሙ ግን ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ከእሸት ቡና መፈልፈያ የወጣ እርጥብ ልጣጭ ሲብላላ ይሞቃል፤ ስለዚህ ወራት ተከምሮ ካልበሰበሰ በስተቀር ወደ ዛፉ አያቅርቡት። ደረቁን ገለባ ደግሞ በአፈሩ ላይ ይዘርጉት እንጂ ከአፈሩ ጋር አያደባልቁት፤ ከተቀላቀለ በሚበሰብስበት ጊዜ የአፈሩን ናይትሮጅን ስለሚሻማ ቅጠሉ ይገረጣል።

ምስጥ በሚያስቸግርበት ማሳ ጉዝጓዙን ከ5 ሳንቲ ሜትር ሳያስበልጡ፣ በግንዱ ዙሪያ የሚተዉትን ባዶ ቦታ ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ያስፉትና በየሁለት ሳምንቱ ገልጠው ይመልከቱ። በጥርና በየካቲት ጉዝጓዙ ደረቅ ስለሚሆን አጠገቡ ምንም ዓይነት እሳት አያንድዱ።

ደረጃ 9፦ የአረም መድኃኒት፣ ግድ ሲሆን ብቻ

ዕድሜው ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ዛፍ፣ ከቡና ወይም ከጫት ጋር ለተደባለቀ ማሳና የንብ ቀፎ ላለበት ጓሮ ይህን ደረጃ ይዝለሉት። ጫት ቅጠሉ ሳይበስል የሚቃም ስለሆነ የጎረቤትዎ ማሳ ላይ የሚደርስ ብናኝ ሰው አፍ ውስጥ ይገባል።

በገበያ የሚገኘውና ራውንድ አፕ በሚለው ስም የሚታወቀው ግላይፎሴት ከቅጠል ወደ ሥር የሚሄድ መድኃኒት ነው። ይህ ጠባዩ ሰርዶን ለማጥፋት ይጠቅማል፤ ነገር ግን በአረንጓዴ ቅርፊት፣ በቁስል ወይም ከግንዱ ሥር በሚወጣ ውላጅ ቀንበጥ በኩል ከገባ ዛፉንም እንዲሁ ያደርገዋል። ቱ ፎር ዲ የሚባለው የእህል ማሳ መድኃኒት ሰርዶንና ሌሎች ሣሮችን አያጠፋም፤ ብናኙና ተኑ ግን አቮካዶን፣ ፓፓያንና አትክልትን ያጣምማል፤ በፍራፍሬ ማሳ አይጠቀሙበት። ፓራኳትን ቤትዎ አያስገቡ፤ የዋጠ ሰው የሚድንበት ማርከሻ የለውም።

መርጨት ካለብዎ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

1. መለያ ወረቀቱ ያልተነቀለና በአገራችን የተመዘገበ ምርት ብቻ ይግዙ። የፀረ-ተባይ ሕጉ ያልተመዘገበ ምርት እንዳይሸጥ ይከለክላል። በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጠውን አይቀበሉ።
2. ከአንድ ሳምንት በፊት ውላጅ ቀንበጦችን ሁሉ በመቀስ ያስወግዱና ቁስሉ እንዲደርቅ ይተዉት።
3. መርጫውን በባዶ ውሃ ይለኩ። 100 ካሬ ሜትር መሬት ላይ እንደ ወትሮው እርምጃዎ ረጭተው ያለቀውን ውሃ ይለኩ። 2.5 ሊትር ካለቀ ለሄክታር 250 ሊትር ይፈልጋሉ ማለት ነው። መለያው ለሄክታር 3 ሊትር ካለ፣ ባለ 16 ሊትር መርጫ ውስጥ የሚገባው 192 ሚሊ ሊትር ነው። በቆርኪና በግምት አይለኩ።
4. ንጹሕ ውሃ ይጠቀሙ። ግላይፎሴት ከሸክላ አፈር ጋር ስለሚጣበቅ የደፈረሰ የወንዝ ውሃ ኃይሉን ይወስደዋል።
5. ቦቲ ጫማ፣ ጓንት፣ መነጽር፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ይልበሱ።
6. ጠዋት ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ነፋስ ሳይነሣ ይርጩ። በሚቀጥሉት 6 ሰዓታት ዝናብ የሚያሰጋ ከሆነ ይተዉት፤ በክረምት ከሰዓት በኋላ መርጨት በጅማ ገንዘብን በጎርፍ መስደድ ነው።
7. በመርጫው ጫፍ ላይ መከለያ ይግጠሙ፤ ጫፉን ከጉልበትዎ በታች ይያዙ፤ በኃይል አይጫኑ፤ ጠብታው ትልልቅ ይሁን። ከግንዱ 50 ሳንቲ ሜትር ወሰን ወደ ውጭ ብቻ ይርጩ፤ በግንዱ በኩል ሌላ ሰው ሰፊ ካርቶን ይያዝ።
8. ያበበ አረም ላይ አይርጩ፤ ንቦች አሉበት። አስቀድመው ያጭዱትና ሲያቆጠቁጥ ይርጩ።
9. ባዶውን ጠርሙስ ሦስት ጊዜ አጥበው እጣቢውን በዚያው መርጫ ይጨርሱት፤ ጠርሙሱን ብሱት። ለውሃ፣ ለዘይት ወይም ለማር መያዣ አይሁን። መርጫውንም በምንጭና በወንዝ ዳር አይጠቡ።

ሥራው ሲበላሽ

*ቅርፊቱ ተላቆ ግን ካልተበጠሰ።* በዚያው ሰዓት መልሰው በቦታው ይጫኑት፤ በተቆረጠ የፕላስቲክ ጥብጣብ ጠበቅ አድርገው ይሰሩት፤ ከፀሐይ ይከልሉት። ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ ጥብጣቡን ይፍቱ፤ ከረሱት ግንዱን ያንቃል።

*ቅርፊቱ ተቦጭቆ ከወደቀ።* በበረኪናው ውሃ በተነከረና በተጠረገ ቢላዋ የተንዘላዘለውን ጠርዝ ብቻ ያስተካክሉ፤ ቁስሉን አያስፉ። እበት፣ ጭቃ ወይም የተቃጠለ ዘይት አይቀቡ። አየር ያግኘው፤ ጉዝጓዙን ያርቁለት። ቁስሉ ከግንዱ ዙሪያ ሩብ የማይሞላ ከሆነ ዛፉ ራሱ ይከድነዋል። ግማሽ ከደረሰ በዚያ ዓመት ፍሬውን ያሳሱለት፤ በበጋም ውሃ አይጉደልበት።

*ልጡ ዙሪያውን ከተቆረጠ።* ቁስሉ ከተዳቀለበት ቦታ በላይ ከሆነና ከቁስሉ በታች፣ ከተዳቀለው ዝርያ በኩል ቀንበጥ ከወጣ፣ ያን ቀንበጥ አዲስ ግንድ አድርገው ያሳድጉት። ከተዳቀለበት ቦታ በታች የሚወጣው ግን የተቀባዩ ግንድ ነው፤ የጠበቁትን ፍሬ አይሰጥም። ዛፉ ትልቅና ውድ ከሆነ ከራሱ ቅርንጫፍ የተቆረጡ ቀንበጦችን ከቁስሉ በታችና በላይ እንደ ድልድይ የሚያገናኝ የማዳቀል ሥራ ሊያድነው ይችላል፤ ይህን የችግኝ ማዳቀል ልምድ ያለው ሰው በዚያው ሳምንት ይሥራው። ችግኝ ከሆነ ነቅሎ ሌላ መተካት ይሻላል።

*መድኃኒት ዛፉን ከነካ።* ግንዱ ላይ ከሆነ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ይጠቡ። ቅጠል ወይም ቀንበጥ ላይ ከሆነ ያን ክፍል በዚያው ሰዓት ቆርጠው ያውጡ፤ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ መቅደም ነው። በሚቀጥለው እምቡጥ ቅጠሎቹ እንደ ክር ቀጥነውና ተጨናንቀው ከወጡ ግላይፎሴት መግባቱን ያመለክታል፤ ተጣምመው ከተጠቀለሉ ቱ ፎር ዲ ሊሆን ይችላል። ውሃ ይስጡት፤ ማዳበሪያ አያብዙ፤ አንድ የእድገት ወቅት እስኪያልፍ ድረስ አይግረዙት፤ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚሞትና የትኛው እንደሚያገግም የሚለየው ያኔ ነው።

*ከግንዱ ሥር ሙጫ ወይም ጥቁር እርጥበት ከወጣ።* ጉዝጓዙንና አፈሩን ከግንዱ ያርቁ፤ ውሃ የሚቋጥር ጉድጓድ ካለ ማፋሰሻ ያውጡለት። በዚያ ዛፍ ላይ የሠራ መሣሪያ ሳይታጠብ ወደ ሌላው አይሂድ። ምልክቱ በሁለተኛ ዛፍ ላይ ከታየ ከሥሩና ከቅርፊቱ ናሙና ቆርጠው፣ የየትኛው ዛፍ እንደሆነ ጽፈው፣ በንጹሕ ፕላስቲክ ለወረዳዎ የግብርና ባለሙያ ወይም በመልኮ ለሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያሳዩ።

*አረሙ በሦስት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ከበቀለ።* ጉዝጓዙን ገልጠው ይመልከቱ። ከአፈሩ ውስጥ በስቶ የወጣ ከሆነ ሰርዶ ወይም እንግጫ ነውና ወደ ደረጃ 5 ይመለሱ። ሥሩ በጉዝጓዙ ላይ ብቻ ያለ ከሆነ ግን ዘሩ የመጣው ካለበሱት ሣር ጋር ነው፤ አረሙን በእጅ ነቅለው ያውጡና ለሚቀጥለው ዙር ሣሩን ሳያብብ ይጨዱ።